በፍላስክ ውስጥ 98 በመቶ ክሮሚየም ያስወገደ የቆረቆንዳ ከሰል ለእውነተኛ ፍሳሽ ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦ የድህረ ምረቃ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁም። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ከእርሻ ተረፈ ምርት አድሶርበንት፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የሟሟን በካይ ነገር በገጹ ላይ ስቦ የሚይዝ ቁስ፣ እያዘጋጀሁ ነው። የመረጥሁት የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው፤ ፍሬው ከተፈለፈለ በኋላ በብዛት የሚቀርና ብዙውን ጊዜ ከመቃጠል ያለፈ ጥቅም የማይሰጥ በመሆኑ ነው። ቆረቆንዳውን አጥቤ፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርቄ፣ ፈጭቼና በወንፊት ነፍቼ በፎስፈሪክ አሲድ ዘፈዘፍሁት፤ ቀጥሎም በፈርነስ ውስጥ በ500 ዲግሪ አከሰልሁትና የእጥበቱ ውሃ ፒኤች ወደ ገለልተኛ እስኪጠጋ ድረስ ደጋግሜ አጠብሁት።

የፈተንሁበት በካይ ክሮሚየም 6፣ ማለትም መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት፣ ነው። በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሮሚየም 6 ባለበት 100 ሚሊ ሊትር ሶሉሽን ውስጥ 0.5 ግራም ከሰል ጨምሬ፣ ፒኤቹን 2 ላይ አስተካክዬ፣ ለሁለት ሰዓት በሼከር ላይ ካናወጥሁት በኋላ አጥልዬ በዳይፈኒልካርባዛይድ ዘዴ በ540 ናኖ ሜትር ስለካው በሊትር 1 ሚሊ ግራም ብቻ ቀርቶ አገኘሁት፤ ይህም 98 በመቶ ማለት ነው። ፒኤቹን ወደ 7 ሳሳድገው ግን ውጤቱ እጅግ ይወርዳል። መረጃው ለላንግሙየር አይሶተርም፣ ማለትም በውሃው የቀረውን ይዘት ከሰሉ ከያዘው መጠን ጋር ለሚያገናኝ ቀመር፣ እንዲሁም ስዩዶ ሰከንድ ኦርደር ለሚባለው የፍጥነት ሞዴል በሚገባ ይገጥማል፤ የሁለቱም አር ስኩዌር፣ ማለትም ሞዴሉ ለመረጃው ምን ያህል እንደ ገጠመ የሚያሳየውና 1 ሲሆን ፍጹም የሚባለው ቁጥር፣ ከ0.99 በላይ ነው።

አሁን የማስበው ይህን ከሰል ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያነት ስለ ማቅረብ ነው። ውጤቱ ለዚህ ድምዳሜ ይበቃል ወይ? ካልበቃ ምን መጨመር ይኖርብኛል? ክሮሚየም የያዘው ከሰል ሥራውን ከጨረሰ በኋላስ ምን ይደረጋል? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የትንተና ኬሚስት

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ያ 98 በመቶ ክሮሚየም የት ገባ የሚለው ነው። ዳይፈኒልካርባዛይድ ያንን ሐምራዊ ቀለም የሚሰጠው ከክሮሚየም 6 ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው፤ ሌላውን የክሮሚየም ዓይነት፣ ክሮሚየም 3ን፣ ጨርሶ አያየውም። ስለዚህ መሣሪያዎ የነገረዎት በውሃው ውስጥ ክሮሚየም 6 እንደ ቀነሰ እንጂ ክሮሚየም ከውሃው እንደ ወጣ አይደለም። ሁለቱ ነገሮች በብዙ ጽሑፎች ውስጥ እንደ አንድ ሲቆጠሩ ይታያል፤ እኔም ስለዚህ ጉዳይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ለዚሁ ነው።

በፒኤች 2 ላይ ክሮሚየም 6 በአብዛኛው በሃይድሮጅን ክሮሜት አዮን መልክ ይገኛል፤ ይህም በአሲድ ውስጥ እጅግ ብርቱ ኦክሲዳይዘር ነው። ቆረቆንዳ፣ ሰጋቱራ፣ የቡና ገለፈት፣ የለውዝ ቅርፊትና የመሳሰሉት ደግሞ ከሊግኒንና ከሴሉሎስ የተሠሩ በመሆናቸው ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚለቁ የፊኖልና የአልኮል ቡድኖች ሞልተዋቸዋል። ከከሰሉም በኋላ የተወሰኑት በገጹ ላይ ይቀራሉ። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሃይድሮጅን ክሮሜት ሦስት ኤሌክትሮኖችንና ሰባት ፕሮቶኖችን ወስዶ ወደ ክሮሚየም 3 ይለወጣል፤ አራት ሞለኪውል ውሃም ይወጣል። የተፈጠረው ክሮሚየም 3 ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን ነው። በዚያ ፒኤች ላይ የከሰሉም ገጽ ፖዘቲቭ ስለሚሆን እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ በዚህም ምክንያት ከክሮሚየም 3 ከፍተኛ መጠን ያለው ተመልሶ ውሃው ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። እርስዎ በካርባዛይድ ሲለኩ ውሃው ንጹሕ ይመስላል፤ ያንኑ ውሃ በአቶሚክ አብዞርፕሽን ወይም በአይሲፒ፣ ማለትም ጠቅላላውን ክሮሚየም በሚለኩ መሣሪያዎች፣ የሚለካ ሰው ቢመጣ ግን ሌላ ታሪክ ሊያገኝ ይችላል።

ለማረጋገጥ ብዙ ነገር አያስፈልግም። ከአንዱ ጥላይ ውሃ ሁለት ናሙና ይውሰዱና በአንዱ ክሮሚየም 6ን፣ በሌላው ጠቅላላ ክሮሚየምን ይለኩ፤ ልዩነታቸው ክሮሚየም 3 ነው። ይህን በአንድ ሰዓት ላይ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንሥቶ እስከ ረጅም ሰዓት ድረስ በየተወሰነው ጊዜ ቢያደርጉት፣ ክሮሚየም 6 ወደ ዜሮ እየወረደ ሳለ ጠቅላላው ክሮሚየም አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚቀር መሆን አለመሆኑን በግልጽ ያዩታል። የመጨረሻውን ፒኤችም ይመዝግቡ። ለውጡ ፕሮቶን የሚበላ ስለሆነ ፒኤቹ በሙከራው መሐል ከፍ ካለ ይህ ራሱ ምልክት ነው።

ክሮሚየም 6 ወደ 3 መለወጡ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም መርዛማነቱ እጅግ ይቀንሳል። በብረት ቅብ ሥራ ፍሳሽ ላይ የተለመደው አሠራርም በፒኤች 2 እና 3 መካከል በሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ከለወጡ በኋላ ፒኤቹን ወደ 8 ወይም 9 ከፍ አድርጎ ክሮሚየም 3ን በሃይድሮክሳይድ መልክ ማዝቀጥ ነው። ቆረቆንዳዎ የሜታባይሰልፋይቱን ቦታ ሊይዝ ይችል ይሆናል፤ ያ ግን ሌላ ጥያቄና ሌላ ጽሑፍ ነው፤ አድሶርፕሽን ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ስለ ማነጻጸሪያ ሙከራዎችም አንድ ነገር ልበል። ከሰል ያልገባበትን ሶሉሽን በዚያው ፍላስክ፣ በዚያው ሼከርና በዚያው ማጣሪያ ወረቀት ማሳለፍ ግዴታ ነው። ሜቲሊን ብሉ በሚባለው ቀለም የሚሠራ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል፤ ወረቀቱ ራሱ ሴሉሎስ ስለሆነ ቀለሙን ይጠጣና በጥልያው ዙሪያ ሰማያዊ ክብ ይሠራል፤ ያ ሁሉ በስሌት ወረቀት ላይ ከሰሉ እንደ ያዘው ተቆጥሮ ያልፋል። ለቀለም በሴንትሪፊዩጅ መለየት የተሻለ ነው። ሁለተኛው ማነጻጸሪያ ከሰሉን በካይ በሌለበት ውሃ ውስጥ በፒኤች 2 ማናወጥ ሲሆን፣ ከራሱ ከከሰሉ የሚለቀቅ ኦርጋኒክ ነገርና ቀለም መኖሩን ያሳይዎታል። ያልከሰለ ገለፈት ለሚጠቀሙ ሰዎች ይህ ነጥብ ይበልጥ ይከብዳል፤ ውሃው እንደ ሻይ ወደ ቡናማነት ሲለወጥ አንዱን በካይ አውጥቶ ሌላውን መጨመር ይሆናል።

ፒኤች 7 ላይ ለምን እንደ ወደቀ ለመረዳት የከሰሉን የዜሮ ቻርጅ ፒኤች ይለኩ። ከዚያ ነጥብ በታች ገጹ ፖዘቲቭ፣ ከዚያ በላይ ኔጋቲቭ ይሆናል። ክሮሜት ኔጋቲቭ ስለሆነ ከነጥቡ በላይ ይገፋል፤ ለለውጡ የሚያስፈልገው ፕሮቶንም እየጠፋ ይሄዳል። እርሳስንና ካድሚየምን የሚፈትኑ ሰዎች የሚያጋጥማቸው ተቃራኒው ነው፤ ፒኤች ከፍ ሲል ውጤታቸው ያምራል፤ ነገር ግን እርሳስ ከፒኤች 6 አካባቢ ጀምሮ ያለ ምንም አድሶርበንት በራሱ ሊዘቅጥ ስለሚችል እነርሱም ያለ ማነጻጸሪያ ሙከራ ምንም ማለት አይችሉም።

መልስ፦ ስሌት ወዳዱ

ከላይ የተሰጠው መልስ ስለ ልኬቱ ነው፤ እኔ ስለ ቁጥሮቹ ልጨምር።

ስንት በመቶ ተወገደ የሚለው ቁጥር የከሰሉ ጠባይ አይደለም። የከሰሉ ብዛት፣ የውሃው ብዛትና የመነሻው ይዘት ተደምረው የሚሰጡት ውጤት ነው። ለዚያው ውሃ እጥፍ ከሰል የጨመረ ሰው ከሰሉን ምንም ሳያሻሽል መቶኛውን ከፍ ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ግራም የያዘው መጠን ግን ይቀንሳል። የእርስዎን ቁጥር ብንወስድ ከ50 ወደ 1 የወረደው በሊትር 49 ሚሊ ግራም ነው፤ በ0.1 ሊትር ሲባዛ 4.9 ሚሊ ግራም፣ በ0.5 ግራም ሲካፈል በግራም 9.8 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሌላ ሰው ከሠራው ከሰል ጋር ሊነጻጸር የሚችለው ይህኛው ቁጥር ነው፤ እሱም ቢሆን በውሃው ውስጥ የቀረው ይዘት አብሮ ከተጻፈ ብቻ ነው።

ይህን የምለው በጣም ሰፊ ልዩነት ስለሚያመጣ ነው። ኢርቪንግ ላንግሙየር በ1918 ባሳተመው ቀመር መሠረት አንድ ከሰል የሚይዘው ከፍተኛ መጠን በግራም 40 ሚሊ ግራም፣ የላንግሙየር ቋሚው ደግሞ 0.05 ሊትር በሚሊ ግራም ነው እንበል። በብዙ ጽሑፎች መደምደሚያ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው 40 ነው። አሁን በሊትር 5 ሚሊ ግራም ክሮሚየም ያለበትን 1 ሜትር ኩብ ውሃ ወደ 0.05 ማውረድ እንፈልግ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የጠቅላላ ክሮሚየም መመሪያ ይኸው 0.05 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። መውጣት ያለበት 4950 ሚሊ ግራም ነው። በ40 ብናካፍለው 124 ግራም ከሰል ይበቃል ያሰኛል። ነገር ግን በአንድ ገንዳ ውስጥ በጥብጠን ካወጣነው ከሰሉ ሚዛን የሚይዘው ከመጨረሻው ውሃ፣ ማለትም ከ0.05 ጋር ነው፤ በዚያ ይዘት ላይ አንድ ግራም የሚይዘው በቀመሩ ሲሰላ 0.1 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከሰል 50 ኪሎ ግራም አካባቢ ይሆናል። ያው ከሰል፣ ያው ውሃ፣ ግን አራት መቶ እጥፍ ልዩነት።

በኮለም፣ ማለትም ከሰል በተሞላ ቱቦ፣ ውስጥ ውሃው እየፈሰሰ ከሆነ ነገሩ ይሻሻላል፤ ምክንያቱም መግቢያው በኩል ያለው ከሰል ሚዛን የሚይዘው ከሚገባው ውሃ፣ ከ5 ሚሊ ግራም በሊትር ጋር ነው። በዚያ ይዘት አንድ ግራም 8 ሚሊ ግራም ይይዛልና ሁሉ ነገር በጥሩ ሁኔታ ከሄደ 620 ግራም ገደማ ይበቃል። ወደ እውነተኛ ሥራ የሚገባ ሰው በፍላስክና በኮለም መካከል ያለውን ልዩነት መረዳት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ለእርስዎ የምመክረው የአይሶተርም ሙከራዎን በዝቅተኛው ይዘት አካባቢ፣ ውሃው እንዲደርስበት በሚፈለገው ደረጃ ላይ፣ በብዙ ነጥቦች እንዲሠሩ ነው። በሊትር ከ50 እስከ 500 ሚሊ ግራም ብቻ የተሠራ አይሶተርም ለንጹሕ ውሃ ምንም አይናገርም።

ስለ አር ስኩዌሩ፦ የስዩዶ ሰከንድ ኦርደር ቀጥታ መስመር የሚሳለው ጊዜን ለተያዘው መጠን አካፍሎ በጊዜው ላይ በማስቀመጥ ነው። ጊዜ በሁለቱም ዘንግ ላይ ስላለ፣ ሚዛን ከተደረሰ በኋላ የተወሰዱ ነጥቦች በበዙ ቁጥር መስመሩ የግድ እየቀና ይሄዳል፤ ውጤቱ 0.99 መሆኑ ስለ ከሰሉ የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል። የተያዘው መጠን በጊዜ ላይ በተሳለበት ጥምዝ መስመር ላይ ሞዴሎቹን በቀጥታ ይግጠሙ፤ ሚዛን ከመደረሱ በፊት ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ብዙ ናሙና ይውሰዱ። እንዲሁም ይህ ሞዴል ስለ ገጠመ ብቻ «አያያዙ ኬሚካላዊ ነው» ብለው አይደምድሙ። ሞዴል የቅርጽ መግለጫ ነው፤ አያያዙን የሚያሳየው በአይዮኖች ልውውጥ የወጣውን ካልሲየምና ፕሮቶን መለካት፣ ከሙከራው በፊትና በኋላ የገጹን ቡድኖች ኤፍቲአይአር በሚባለው የኢንፍራሬድ መሣሪያ ማየት፣ የክሮሚየሙን ዓይነት ደግሞ ኤክስፒኤስ በሚባለው የኤክስሬይ ዘዴ መለየት ነው።

የሙቀት ስሌት ካለዎትም ወደ ሎጋሪዝሙ የሚገባው የሚዛን ቋሚ አሃድ የሌለው መሆን አለበት። ብዙ ሰው ሊትር በግራም የሆነውን ቁጥር እንዳለ ያስገባዋል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የድህረ ምረቃ ተማሪ

ለሁለታችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠቅላላ ክሮሚየምን ለማስለካት ያጠለልሁትን ውሃ በናይትሪክ አሲድ አቆይቼዋለሁ፤ የዜሮ ቻርጅ ፒኤቹንም እለካለሁ። አሁንም ግልጽ ያልሆነልኝ በእውነተኛ ፍሳሽና በኮለም የሚሠራው ክፍል ነው፤ ፒኤች 2 ደግሞ በተግባር የሚያስኬድ አይመስለኝም። ቆረቆንዳውን ሳላከስል በቀላሉ ታጥቦ እንዳለ ብጠቀምበትስ?

ሌላ ጠያቂ

በዚሁ አጋጣሚ እኔም ልጠይቅ። ይህ ዓይነቱ ከሰል ለቤት ውስጥ የመጠጥ ውሃ፣ በተለይ ፍሎራይድ ለበዛበት የጉድጓድ ውሃ ያገለግላል ወይ? ከሰል ሁሉን ያጠራል የሚል ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ።

መልስ፦ የፍሳሽ ማጣሪያ መሐንዲስ

በመጀመሪያ ስለ ቆዳ ፋብሪካው። ለቆዳ ማልፋት የሚውለው ቤዚክ ክሮሚየም ሰልፌት ነው፤ ይህ ደግሞ ክሮሚየም 3 ነው። ስለዚህ ከዚያ በሚወጣ ፍሳሽ ውስጥ ያለው ክሮሚየም በአብዛኛው ክሮሚየም 3 ሆኖ ሳለ በክሮሚየም 6 የተፈተነን ከሰል ለዚያ ፍሳሽ ማቅረብ ጥያቄውንና መልሱን ማለያየት ነው። ክሮሚየም 3ን ደግሞ ፒኤችን ከፍ አድርጎ ማዝቀጥ ቀላልና የታወቀ ዘዴ ስለሆነ ከሰል በዚያ ደረጃ ላይ ሊወዳደር አይችልም። ክሮሚየም 6 በርግጥ የሚገኘው በክሮም ቅብ ሥራ ውስጥ ነው፤ ከቅቡ በኋላ ዕቃው የሚታጠብበት ውሃ አሲዳማ ስለሆነ ፒኤች 2 ወይም 3 እዚያ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ጽሑፉን ወደዚያ አዞረው ነበር።

ገለልተኛ ውሃን ወደ ፒኤች 2 ማውረድ ግን በርግጥ አያስኬድም። ለ1 ሜትር ኩብ ውሃ፣ በውስጡ ያለውን ባይካርቦኔት ትተን፣ ቢያንስ 10 ሞል ፕሮቶን ያስፈልጋል፤ ይህም 365 ግራም ንጹሕ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በገበያ በሚገኘው 37 በመቶ ሲታሰብ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ነው። ከዚያ ለመመለስ 400 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይጨመራል፤ በመጨረሻም 585 ግራም ጨው በውሃው ውስጥ ይቀራል። ይህን ስሌት በጽሑፍዎ ውስጥ ቢያስገቡት ለገምጋሚዎችዎ ከብዙ ሠንጠረዥ ይልቅ ይጠቅማል።

ሳያከስሉ ስለ መጠቀም፦ ያልከሰለ ቆረቆንዳ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በኮለም ውስጥ ደግሞ እያበጠና እየላላ መተላለፊያውን ይዘጋል። ሻጋታና ሽታም ያመጣል። ለእርሳስና ለመዳብ የመሳሰሉ ብረቶች ግን ያልከሰለ ነገር ከከሰለው የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ብረቶቹን የሚይዙት የካርቦክሲል ቡድኖች በሙቀት ስለሚጠፉ ነው። ብርቱካን ልጣጭ በፔክቲኑ ምክንያት ጥሩ ምሳሌ ነው። የገጽ ስፋት ብቻውን ሁሉን አይወስንም፤ በናይትሮጅን የሚለካው ስፋት ሰፊ የሆነ ከሰል ለኦርጋኒክ ሞለኪውሎች እጅግ ጥሩ ሆኖ ለብረት አዮኖች ደካማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማክሰል ወይስ አለማክሰል የሚለው በካዩን ሳይጠሩ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ወደ ኮለሙ እንምጣ። በፍላስክ የተጠቀሙበት ዱቄት ለኮለም አይሆንም፤ ውሃው አያልፍበትም። ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል የሚደርስ ቅንጣት ይዘው ይጀምሩ፤ የቱቦው ስፋት ከቅንጣቱ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን፤ አለበለዚያ ውሃው በግድግዳው በኩል ከሰሉን ሳይነካ ያመልጣል። ከሰሉን ከመሙላትዎ በፊት በውሃ ቀቅለው ወይም በቫኪዩም አየሩን ያስወጡ፤ በቅንጣቶቹ ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ ውሃውን ወደ አንድ ጎን ይመራዋል። የመገናኛ ጊዜው የከሰሉ መኝታ ይዘት ለፍሰቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 1 ሊትር ከሰል በሰዓት 6 ሊትር ካለፈበት 10 ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ውሃ በየጊዜው እየለኩ የመውጫው ይዘት ከተፈቀደው ወሰን የሚያልፍበትን ሰዓት ይመዝግቡ። የሚጠቅመው ቁጥር ያ ነው፤ ከሰሉ ፈጽሞ እስኪሞላ ያለውን ጊዜ ማንም አይጠብቀውም። ለኮለም የተሠሩትን የቶማስን ወይም የቦሀርትና አዳምስን ሞዴል በኋላ ሊገጥሙበት ይችላሉ፤ የመውጫው ይዘት በጊዜ ላይ የተሳለበት መስመር ቀጥ ብሎ የሚወጣ ወይስ ተንጋድዶ ለረጅም ሰዓት የሚዘልቅ መሆኑን በዓይን ማየት ግን ይቀድማል። የተንጋደደ ከሆነ አዮኑ በቅንጣቱ ውስጥ ሲገባ እየዘገየ ነው ማለት ነውና ፍሰቱን ይቀንሱ ወይም ቅንጣቱን ያሳንሱ።

እውነተኛው ፍሳሽ በዲስቲልድ ውሃ ከተዘጋጀው ሶሉሽን የሚለየው በውስጡ ሰልፌት፣ ክሎራይድ፣ ካልሲየም፣ ዘይትና ሌላም ኦርጋኒክ ነገር ስላለ ነው። ሰልፌት ከክሮሜት ጋር በቻርጅም በቅርጽም ስለሚመሳሰል መያዣ ቦታዎቹን ይሻማል። እውነተኛ ፍሳሽ ማግኘት ቢያስቸግርዎት እንኳ እነዚህን አንድ በአንድ ቀጥሎም በአንድነት እየጨመሩ መሞከር ይቻላል፤ ይህ ክፍል የሌለበትን ሥራ ለማጣሪያ ጣቢያ አላቀርብም።

ሌላው «ርካሽ» የሚለው ቃል ነው። ቆረቆንዳው ርካሽ ነው። ፎስፈሪክ አሲዱ፣ የ500 ዲግሪ ሙቀቱና ደጋግሞ የሚታጠብበት ውሃ ግን ርካሽ አይደሉም፤ የእጥበቱ ውሃም ፎስፌት ስለሚይዝ በወንዝ ከተለቀቀ አልጌ ያፋፋል። በአንድ ኪሎ ከሰል ስንት ሊትር የእጥበት ውሃ እንደ ወጣ መዝግበው ይጻፉ።

መልስ፦ የመጠጥ ውሃ ባለሙያ

የሁለተኛውን ጠያቂ ጥያቄ ልመልስ። ከሰል ሁሉን አያጠራም። ከገለፈትም ሆነ ከቆረቆንዳ የተሠራ ተራ ከሰል ለሽታ፣ ለቀለምና ለብዙ ኦርጋኒክ በካዮች ይረዳል፤ ፍሎራይድ ግን ትንሽና በውሃ ሞለኪውሎች አጥብቆ የተከበበ ኔጋቲቭ አዮን ስለሆነ በገለልተኛ ውሃ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ከሰል አጠገብ በዝምታ ያልፋል። ናይትሬትም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ መመሪያ 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው፤ ወደዚያ ለማድረስ በተግባር የሚሠራባቸው የአጥንት ከሰልና አክቲቬትድ አልሙና ናቸው። የአጥንት ከሰል ኃይሉን የሚያገኘው ከካርቦኑ ሳይሆን በውስጡ ካለው ሃይድሮክሲአፓታይት ከሚባለው የካልሲየም ፎስፌት ማዕድን ነው።

የእርሻ ተረፈ ምርትን ለፍሎራይድ ወይም ለአርሴኒክ ማብቃት ይቻላል፤ ገጹ ላይ የአልሙኒየም ወይም የብረት ኦክሳይድ ይጫንበታል። በዚህን ጊዜ ግን ከሰሉ ተሸካሚ ብቻ ይሆናል፤ መለካት ያለበትም ፍሎራይዱ ብቻ ሳይሆን ተነቅሎ ወደ ውሃው የሚገባው አልሙኒየም ጭምር ነው። ይህ ሳይለካ ሰው እንዲጠጣው መስጠት አይገባም። ከሰል ተህዋስያንንም አይገድልም፤ እንዲያውም ቀናት ሲያልፉት በላዩ ላይ ይባዙበታል፤ ውሃው ከከሰሉ በኋላ መታከም አለበት። ፍሎራይድ በዓይንም በምላስም ስለማይታወቅ ከሰሉ መቼ እንደ ሞላ የሚናገረው መለኪያ ብቻ ነው፤ የሚለካ ሰው በሌለበት ቤት እንዲህ ያለ ማጣሪያ ማስቀመጥን እኔ አልደግፍም።

ሥራውን ስለ ጨረሰው ከሰል የቀረበው ጥያቄ ከላይ አልተመለሰምና ልጨምር። እርሳስና ካድሚየም የያዘን ከሰል በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ኔጋቲቭ አዮን የያዘውን ደግሞ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አጥቦ መልሶ መጠቀም ይቻላል። ሆኖም እጥበቱ በካዩን አያጠፋውም፤ ከብዙ ውሃ ሰብስቦ በጥቂት ውሃ ውስጥ ያከማቸዋል፤ ያንን ጥቂት ውሃ የሚረከብ ቦታ ሳይኖር ስለ መልሶ መጠቀም መጻፍ ግማሽ ሥራ ነው። በክሮሚየም ጉዳይ ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አሲዱ በገጹ ላይ የተያዘውን ክሮሚየም 3 ያወጣል፤ ክሮሚየም 6ን ለመለወጥ የተቃጠሉት ቡድኖች ግን በእጥበት አይመለሱም፤ ስለዚህ ከሰሉ በየዙሩ እየደከመ ይሄዳል። በየዙሩ የሚያገኙትን ቁጥር ሳያሳምሩ ይጻፉ።

ብዙ ጽሑፎች በመጨረሻው አንቀጽ ላይ «ያገለገለው ከሰል ተቃጥሎ ለኃይል ምንጭነት ይውላል» ይላሉ። ክሮሚየም ለያዘ ከሰል ይህ አደገኛ ምክር ነው። በአየር ውስጥ ሲቃጠል፣ በተለይም አመዱ ካልሲየምና ፖታሲየም የበዛበት ከሆነ፣ ክሮሚየም 3 ተመልሶ ወደ ክሮሚየም 6 ሊለወጥና በአመዱ ውስጥ በውሃ በሚሟሟ ክሮሜት መልክ ሊቀመጥ ይችላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ያጥበዋል። የቆረቆንዳ አመድ ደግሞ ፖታሲየም የበዛበት ነው። በማሳ ላይ እንደ ማዳበሪያ መበተኑም እንዲሁ መታሰብ የለበትም። በሲሚንቶ አስሮ ፍሳሹ ቁጥጥር በሚደረግበት የአደገኛ ቆሻሻ ማስወገጃ ውስጥ ማኖር የተሻለ ነው፤ ከዚያም በፊት ያገለገለውን ከሰል በአሲዳማ ውሃ አናውጠው ምን ያህል ክሮሚየም እንደሚለቅ ይለኩ፤ በዚህም ልኬት ክሮሚየም 6ንና ጠቅላላውን ለየብቻ ይጻፉ።